ስንት ቀረ? የአዶላ ወርቅ፣ የቁፋሮው ቁጥር እና የቁጥሩ ባለቤት

ስለ አዶላ ብዙ ተወርቷል። ስለ ወርቁ፣ ስለ ወንዞቹ፣ ሀብት ፍለጋ ወርዶ እዚያው ስለቀረው ሰው። አንድ ጥያቄ ግን ብዙም አይነሳም። ከዚህ ሁሉ ዘመን ቁፋሮ በኋላ ከመሬቱ ሆድ ውስጥ ስንት ወርቅ ቀረ? ይህንንስ ማን ያውቃል?

ነገሩ የጂኦሎጂስቶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። አይደለም። የማዕድን ፈቃድ የሚታደሰው ወይም የሚቀረው በዚያ ቁጥር ነው። ሻኪሶን የመሰለ ከተማ የዛሬ ሃያ ዓመት ሥራ ይኖረው እንደሆነ የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ነው። አንድ ወንዝ ቢበላሽ «ለምን ያህል ጥቅም ሲባል ነው የተበላሸው?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ ያለው እዚያው ቁጥር ውስጥ ነው። ቁጥሩ ደግሞ የሚገኘው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ በቁፋሮ። አካፋና ዶማ ይዞ ወርቅ ለማውጣት ሳይሆን፣ ረጅምና ቀጭን ጉድጓድ በስቶ አለቱን ለመጠየቅ በሚደረግ ቁፋሮ።

ዛሬ የዚህን ቁፋሮ ታሪክ በአዶላ በኩል እናየዋለን። ሌሎች አገሮችንም ለማነጻጸሪያ እንጎበኛለን።

◆ ከወንዝ የተጀመረ ወርቅ

የአዶላ ወርቅ ዘመናዊ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ያኔ የተገኘው ደለል ወርቅ ነበር። ዝናብና ወንዝ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ከተራራው አለት ፈልቅቀው፣ አጥበው፣ በሸለቆው ጠጠርና አሸዋ ውስጥ ያስቀመጡት ማለት ነው። በአካባቢው የቦታ ስሞች ላይ «ለገ» የሚለው ቃል መደጋገሙ በአጋጣሚ አይደለም፤ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። ወርቁን ሰው ያገኘው ወንዙን ተከትሎ ነው።

ደለል ወርቅ ለማውጣት ረቂቅ ጥናት አይጠይቅም። ጉልበት ይበቃዋል። ችግሩም ከዚህ ይነሳል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አዶላን የግምጃ ቤቱ አንድ ምሰሶ አድርጎ ሲያደራጀው ጉልበቱ ሁሉ በውዴታ የመጣ አልነበረም። እስረኞች ተልከዋል። የአካባቢው የጉጂ ሕዝብ በግዳጅ እንዲሠራ ተደርጓል። በአገሬው የቃል ታሪክ ውስጥ ያ ዘመን እስከ ዛሬ የሚታወሰው በብልጽግና ሳይሆን በግዳጅ ሥራው ነው።

ከተማዋም ያኔ ስም ወጣላት፦ ክብረ መንግሥት። ልብ በሉ፣ ክብሩ የመንግሥት ነው። ዛሬ ከተማዋ አዶላ ወዩ ተብላ ብትጠራም የድሮው ስም የዘመኑን አስተሳሰብ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ወርቁ ከዚህ ይወጣል፣ ክብሩ ሌላ ቦታ ይደርሳል።

በዚያ ዘመን «ስንት ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አልነበረም። ደለል ወርቅ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ሸለቆ ይኬዳል። ወርቁ ከየት እንደሚታጠብ፣ ማለትም እናት አለቱ የት እንዳለ፣ ለማወቅ ገና ሌላ ዓይነት ዕውቀት ያስፈልግ ነበር። ያንን ዕውቀት በተደራጀ መልኩ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። አዶላ ወርቅ ማምረት ከጀመረ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።

◆ ከደለል ወደ አለት

ለውጡ የመጣው በደርግ ዘመን ነው። በሶቪየት ባለሙያዎች ድጋፍ በአዶላ ቀበቶ ላይ የተደራጀ የወርቅ ፍለጋ ተካሄደ። ጂኦሎጂስቶቹ ደለሉን ወደ ላይ እየተከተሉ ለገ ደንቢ ላይ እናት አለቱን አገኙት። ጥንታዊው አለት በከፍተኛ ግፊት ተሰነጣጥቆ፣ ስንጥቁን ነጭ ኳርትዝ ሞልቶት፣ ወርቁም ከኳርትዙ ጋር ተቀምጦ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ይህ ቦታ የአገሪቱ ትልቁ ዘመናዊ የወርቅ ማዕድን ሆነ። ምርትም እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ በመንግሥት እጅ ተጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስምርበት። ያንን የመጀመሪያ ቁፋሮ የከፈለው የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው። ዘመኑ የጦርነትና የረሃብ ዘመን ነበር። በዚያ ድህነት መሐል ከተከፈለ ገንዘብ የተገኘው ትልቁ ንብረት ማሽን ወይም ሕንፃ አልነበረም። ዕውቀት ነበር፦ እዚህ ቦታ፣ በዚህ ጥልቀት፣ በዚህ መጠን ወርቅ አለ የሚል ዕውቀት።

◆ ጉድጓዱ ምን ይናገራል?

አሁን ወደ ሥራው ራሱ እንግባ፤ አለበለዚያ ቀጥሎ የምለው ግልጽ አይሆንም።

የአለት ናሙና የሚያወጣው መሣሪያ ጫፉ ላይ የኢንዱስትሪ አልማዝ የተሰካበት ክብ ቱቦ ነው። ቱቦው እየተሽከረከረ አለቱን ይቆርጣል፤ መሐሉ ክፍት ስለሆነ የተቆረጠው አለት እንደ ዱላ ሆኖ በውስጡ ይቀራል። ይህ የአለት ዱላ «ኮር» ይባላል። ብዙ ጊዜ ከሚሠራባቸው መጠኖች አንዱ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት አለው። ኮሩ እየወጣ በሳጥን ይደረደራል፣ ጥልቀቱ ይጻፍበታል፣ ጂኦሎጂስት አይቶ ይመዘግበዋል። ከዚያ በመጋዝ ለሁለት ይሰነጠቃል። አንዱ ግማሽ ተፈጭቶ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ሌላው ግማሽ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ሁለተኛው ግማሽ ምስክር ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራው። አንድ ሜትር ኮር ክብደቱ 5 ኪሎ ገደማ ነው። ጉድጓዶቹ በ40 ሜትር ርቀት ቢቆፈሩ፣ ያ አንድ ሜትር ኮር ወካይ የሚሆነው 40 በ40 ሜትር ስፋት ላለው አለት ነው። ይህም ከ4,000 ቶን በላይ ማለት ነው። አምስት ኪሎ ድንጋይ ለአራት ሺህ ቶን ይመሰክራል! ወርቅ ደግሞ እንደ ጨው በእኩል አይበተንም። አንዷ ናሙና ውስጥ አንዲት ፍሬ ወርቅ ከገባች ውጤቱ ጣሪያ ይነካል፤ ከአጠገቧ ያለችው ባዶ ትሆናለች። ስለዚህ በርቀት የተቆፈረ ጥቂት ጉድጓድ ተስፋ ይሰጣል እንጂ እርግጠኝነት አይሰጥም። ጉድጓዶቹ በተቀራረቡ ቁጥር ግምቱ ወደ እውነት ይጠጋል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ሁለተኛው ነገር፣ «ያለው» እና «የሚወጣው» አንድ አይደሉም። የምዕራብ ወለጋውን ቱሉ ካፒ እንውሰድ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከላይ ከላዩ ሠርተውበታል። በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም አጥንቶታል። ቀጥሎ ኒዮታ ሚኒራልስ የተባለ ኩባንያ በስፋት ቆፈረ፤ ከእሱ ደግሞ ኬፊ የተባለው ኩባንያ ተረከበ። ኬፊ ባሳተመው ስሌት መሠረት በቱሉ ካፒ መሬት ውስጥ አለ የተባለው ጠቅላላ ወርቅ 1.72 ሚሊዮን አውንስ፣ ማለትም 53 ቶን ገደማ ነው። በግልጽ ጉድጓድ በትርፍ ሊወጣ ይችላል የተባለው ግን 1.05 ሚሊዮን አውንስ፣ 33 ቶን ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 20 ቶን ልዩነት አልጠፋም፣ አልተሰረቀም። ዛሬ ባለው ዕቅድና ዋጋ ማውጣቱ አያዋጣም ማለት ብቻ ነው።

«ዛሬ ባለው ዋጋ» የሚለውን ያዙልኝ። ለገ ደንቢ ወደ ግል ሲዛወር እ.ኤ.አ. በ1997 የአንድ አውንስ ወርቅ የዓለም ዋጋ ከ400 ዶላር በታች ነበር። በ2025 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ 4,000 ዶላርን አልፏል። በዚያን ጊዜ ዋጋ የሌለው ተብሎ የተጣለ አለት ዛሬ ማዕድን ሊሆን ይችላል። አለቱ አልተለወጠም፤ ገበያው ነው የተለወጠው። «አልቋል» የሚለው ቃል በማዕድን ዓለም ውስጥ ሁልጊዜ ቅጥያ የሚፈልገውም ለዚህ ነው። በምን ዋጋ? በማን ስሌት? እስከ ስንት ሜትር ጥልቀት?

◆ ቁጥር ሲዋሽ

ቁጥሩ በአንድ ወገን እጅ ብቻ ሲሆን ምን ሊመጣ እንደሚችል ለማየት ወደ ኢንዶኔዥያ እንሂድ። ብሬ-ኤክስ የተባለ አነስተኛ የካናዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦርኒዮ ደሴት ላይ ቡሳንግ በተባለ ቦታ ግዙፍ ወርቅ አገኘሁ አለ። ከቁፋሮ ወደ ቁፋሮ ቁጥሩ እያበጠ ሄደ። የኩባንያው የገበያ ዋጋ ከ6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር አለፈ። የጡረታ ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች ነበሩ።

በመጋቢት 1997 የኩባንያው ዋና ጂኦሎጂስት ማይክል ደ ጉዝማን ከሄሊኮፕተር ወድቆ ሞተ። በሽርክና ሊገባ የመጣው ፍሪፖርት የተባለው ትልቅ ኩባንያ ከድሮዎቹ ጉድጓዶች አጠገብ ራሱ ሲቆፍር እዚህ ግባ የሚባል ወርቅ አጣ። በግንቦት ገለልተኛ መርማሪዎች የመጨረሻውን ፍርድ ሰጡ፤ ናሙናዎቹ ላይ ከውጭ የመጣ ወርቅ ተጨምሮባቸዋል። ከማስረጃዎቹ አንዱ ምን ነበር? የወርቁ ፍሬዎች ጠርዛቸው የተድበለበለ መሆኑ። ከአለት የወጣ ወርቅ ሳይሆን ወንዝ ያንከባለለው ደለል ወርቅ ነበር።

ውሸቱ ያን ያህል ጊዜ የቆየው ለምንድን ነው? ብሬ-ኤክስ ኮሩን ለሁለት አልሰነጠቀም። ሙሉውን ፈጭቶ ነበር የሚልከው። ምስክሩ ግማሽ ኮር ሳጥን ውስጥ አልነበረም። ቀርቦ «እስቲ እኔም ልየው» የሚል ሰው የሚያየው ነገር አልነበረውም።

ከዚያ ቅሌት በኋላ ካናዳ በአክሲዮን ገበያዋ የሚሸጥ የማዕድን ኩባንያ ሁሉ የቁፋሮ ውጤቱን ብቁ ባለሙያ በፈረመበት ሪፖርት ይፋ እንዲያደርግ የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። ሌሎችም ገበያዎች ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። ትምህርቱ አንድ ነው። የቁፋሮ ቁጥር የሚታመነው ሌላ ሰው ሊመረምረው ሲችል ነው።

◆ ሻኪሶ የማታውቀው፣ ለንደን የምታውቀው

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1997 ለገ ደንቢ በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ፤ የማምረት ፈቃዱም ለ20 ዓመት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ማዕድኑ ከግልጽ ጉድጓድ ወደ ምድር ውስጥ ወረደ፣ በአጠገቡ ያለው የሳካሮ ክምችትም ወደ ምርት ገባ። ይህ ሁሉ የሆነው ተጨማሪ ቁፋሮ ስለተካሄደ ነው። የማዕድን ዕድሜ የሚረዝመው በቁፋሮ ነውና ኩባንያው ይህን በማድረጉ አይወቀስም፤ ሥራው ነው።

ከዚያ 2010 ዓ.ም. መጣ። ፈቃዱ ለ10 ዓመት መታደሱ ሲሰማ በሻኪሶና በአካባቢው ተቃውሞ ተቀሰቀሰ። ነዋሪዎች ስለ ተበከለ ውኃ፣ ስለሚጨነግፉ እርግዝናዎች፣ ከነጉድለታቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት ተናገሩ። ኩባንያው ውንጀላውን አስተባበለ። መንግሥት ግን በዚያው ግንቦት ወር ፈቃዱን አገደ። ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 ባወጣው ሪፖርት ብክለቱ መፍትሔ ሳያገኝ ማዕድኑ መከፈቱን ተችቷል።

የጤናውን ክርክር ብዙዎች ጽፈውበታል። እኔ ማንሳት የምፈልገው ከጎኑ ያለውን ነው። ፈቃዱ ሲታደስም፣ ሲታገድም፣ ሲከፈትም የሻኪሶ ሕዝብ ፊት ቀርቦ «ከመሬታችሁ ሥር ይህን ያህል ቶን ቀርቷል፣ በዚህ ዓመት ያልቃል፣ ሲያልቅ ጉድጓዱና ዝቃጩ በዚህ ገንዘብ ይጸዳል» ያለ ሰው ማን ነው? ሕዝቡ ስለ ጉዳቱ ሲከራከር የነበረው የጥቅሙን መጠን ሳያውቅ ነው። ሚዛኑ ላይ አንዱ ሳህን ብቻ ነበር።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው ንጽጽሩ ነው። ኬፊ በለንደን አክሲዮን ገበያ ስለሚሸጥ የቱሉ ካፒን ቁጥር ይፋ ማድረግ ግድ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸውን የቱሉ ካፒ አኃዞች ማንኛውም ሰው ኢንተርኔት ከፍቶ ሊያያቸው ይችላል። ሚድሮክ ግን በገበያ የማይሸጥ የግል ኩባንያ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሪፖርት በየጊዜው ለሕዝብ የማውጣት የገበያ ግዴታ የለበትም። ውጤቱን አስቡት። ለንደን የተቀመጠ ባለ አክሲዮን ስለ ወለጋ ወርቅ የሚያውቀውን ያህል የሻኪሶ ገበሬ በደጁ ስላለው ወርቅ አያውቅም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ የአካባቢ ደኅንነትን በሚመለከት የሚነኩት ፕሮጀክቶች ሲታቀዱና ሲፈጸሙ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ባለቤት የንብረቱን መጠን ካላወቀ ባለቤትነቱ ምኑ ላይ ነው? ቁጥር ሳይሰጡ ሐሳብህን ስጥ ማለትስ ምን ዓይነት ምክክር ነው?

◆ ሁለት መጨረሻዎች

ያረጁ የወርቅ አገሮች ሁለት ዓይነት መጨረሻ አላቸው። አንዱን በሕንድ እናየዋለን። ኮላር የሚባለው የወርቅ መስክ ከ1880 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል፤ ጉድጓዱ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ጠልቆ ነበር። የካቲት 28 ቀን 2001 ተዘጋ። ከተማው የቆመው በማዕድኑ ላይ ብቻ ስለነበር ሥራ ጠፋ። ከዓመት ዓመት ያደገው የሳያናይድ ዝቃጭ ክምር ግን እዚያው ቀረ። ወርቁ ሲሄድ የቀረው ኮረብታ ያ ነው።

ሌላው የአውስትራሊያው ካልጉርሊ ነው። ወርቅ የተገኘበት በ1893 ነው። ዛሬም ይሠራል። ምስጢሩ ወርቁ ስለማያልቅ አይደለም። በየጊዜው ይቆፈራል፣ ቁጥሩ ይከለሳል። ከሁሉም በላይ ዕውቀቱ አይጠፋም። የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ኩባንያዎች ያወጡትን ኮር የሚያስቀምጥበት ቤተ መጻሕፍት የመሰለ ማከማቻ አለው፤ አንዱም ካልጉርሊ ራሱ ውስጥ ነው። የፍለጋ ሪፖርቶችም የምስጢር ጊዜያቸው ሲያበቃ ለሁሉም ክፍት ይሆናሉ። አንዱ ኩባንያ ተስፋ ቆርጦ የተወውን ቦታ ሌላው የድሮውን ኮር እያገላበጠ ወርቅ ያገኝበታል። አንድ ጊዜ የተከፈለበት ጉድጓድ ሁለተኛ አይከፈልበትም።

◆ ምን ይደረግ?

«ቁፋሮ ይቁም» የሚል ክርክር የለኝም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ የአገሪቱ ቀዳሚ የወጪ ንግድ ምርት ሆኗል። የዋጋው ሽቅብ መሄድ ደግሞ ኩባንያዎችን ወደ አሮጌ የወርቅ ቦታዎች ሁሉ እየጠራ ነው። በአዶላም፣ በወለጋም፣ በቤንሻንጉልም ጉድጓድ ይበዛል። ጥሩ ነው። ግን ሦስት ነገሮች አብረው ይምጡ።

አንደኛ፣ የማምረት ፈቃድ ከመሰጠቱም ከመታደሱም በፊት የቀረው ክምችት በገለልተኛ ብቁ ባለሙያ ተረጋግጦ ይፋ ይሁን። ኩባንያው በገበያ ተሸጠም አልተሸጠም። ማስታወቂያውም በአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን ማዕድኑ ባለበት ወረዳ በአካባቢው ቋንቋ ይነገር።

ሁለተኛ፣ ምስክሩ ግማሽ ኮር ይጠበቅ። የፈቃድ ዘመን ሲያበቃ ኮሩም መዝገቡም ለኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ይግባ፣ በአግባቡ ይቀመጥ፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪም ለሌላ ኩባንያም ይከፈት። በሳጥን የተደረደረ ድንጋይ ተራ ነገር ቢመስልም የተገዛው በብዙ ሚሊዮን ብር ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ እንዳይሆንብን።

ሦስተኛ፣ «ስንት ቀረ?» ከሚለው ቁጥር ጎን «ለመዝጊያው ስንት ተቀመጠ?» የሚል ቁጥር ይቀመጥ። ክምችቱ ባነሰ ቁጥር የማጽጃው ገንዘብ መጨመር አለበት። ኮላር ላይ የሆነው ወርቁ ሲያልቅ ገንዘቡም አብሮ ስላለቀ ነው።

አዶላ በንጉሡ ዘመን ለመንግሥት ክብር ተቆፈረች። በደርግ ዘመን ለአብዮቱ ግምጃ ቤት ተቆፈረች። ከዚያ በኋላ ለባለሀብት ተቆፈረች። በሦስቱም ዘመን ወርቁ ተመዝኗል፤ የሚዛኑን ንባብ ግን የአገሬው ሰው አላየውም። የሚቀጥለው ጉድጓድ ሲቆፈር ቢያንስ ይህ ይለወጥ። ወርቁን ማን ይውሰድ የሚለውን ክርክር ነገ እንቀጥለዋለን፤ ስንት እንደቀረ ማወቅ ግን ዛሬም ቢሆን ለማንም መከልከል የለበትም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በአዶላ፣ በሻኪሶ ወይም በሌላ የወርቅ አካባቢ ያላችሁ አንባቢዎች ሐሳባችሁን ጻፉልን። ቸር እንሰንብት!